የሹሩባ ቤት ወሬና የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ፒያሳ ሹሩባ እየተሠራሁ ክንዴን ሳሻሽ ሠሪዋ አየችኝ። «የመንጋጋ ቆልፍ ነው? ኧረ እሱ ያመክናል ይላሉ!»

«አንቺ ስታረግዢ አልተወጋሽም?»

«ተወግቻለሁ።»

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«ሦስት።»

ሳቅን። ሹሩባውን ግን ጠበቅ አደረገችብኝ።

አንቺም እርጉዝ ከሆንሽ፣ ክትትል በጀመርሽበት ቀን ጠይቂ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ያኔውኑ ትወስጃለሽ። ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ከመውለድሽ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሰውነትሽ መከላከያውን ሠርቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሱ እስኪያሻግር ጊዜ ይፈልጋላ። ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በዓመት በዓመት ልዩነት ይሰጣሉ። አምስቱን የጨረሰች ለመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ ይበቃታል።

ካርዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እኔ ቤት ስንቀይር ጣልኩትና በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ ስንት እንደወሰድኩ ማስረጃ አጣሁ። እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ከመወጋትሽ በፊት ሲስተሯን «ብልቃጡን አሳዪኝ» በያት፤ ነውር የለውም። ላዩ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ትንሽዬ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከክቡ ከነጣች ደህና ነው። ከክቡ እኩል ከጠቆረች ወይም ከባሰች ሙቀት ስላበላሸው አይሰጥም። እኔን የወጋችኝ ሲስተር ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አሳየችኝ።

ውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ጀርም አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ (ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ) ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ነው፣ እንዳይጎዳ ተደርጎ የከሸፈ። ሕይወት ያላቸው ክትባቶች፣ ለምሳሌ የኩፍኝ፣ በአብዛኛው ለእርጉዝ አይሰጡም። ስለዚህ የትም ስትወጊ እርጉዝ መሆንሽን ተናገሪ።

«ሊያመክኑን የእርግዝና ሆርሞን ደብቀውበታል» የሚለው ወሬ በ2014 እ.ኤ.አ. ኬንያንም አምሷት ነበር። ያኔ ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ለደምና ለሽንት በተሠራ መሣሪያ የተገኘ ውጤት ነው፤ ክትባት በዚያ አይመረመርም።

አያቴ የምትፈራው ሌላ ነው። እትብቱ በምላጭ የተቆረጠ ወንድሟ ሳምንት ሳይሞላው ጡት መያዝ አቃተው፤ አፉ ተቆልፎ ሞተ። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ማስወገድ ማለት ግን ጀርሙ ጠፋ ማለት አይደለም፣ አፈር ውስጥ አለ።

ክንድሽን አንድ ሁለት ቀን ሊያምሽ፣ ትንሽም ሊያተኩስሽ ይችላል። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ደም ካየሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ሂሳብ ስከፍል ሹሩባ ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ አምስት አልሞላሁም፤ እርጉዝ ካልሆንኩ ይሰጡኛል?» አለችኝ። ይሰጡሻል አልኳት። ካርዷን ፍለጋ መሳቢያ መጎልጎል ጀመረች።