የአፍሪካ ቫዮሌትን ከአንዲት ቅጠል እንዴት ማሳደግ ይቻላል

የአፍሪካ ቫዮሌት ከመሬት ብዙም የማትነሳ ትንሽ ተክል ነች። ቅጠሎቿ ወፍራምና ፀጉራም ናቸው፣ ከመሃላቸው ሐምራዊ አበባ ታወጣለች። ስታብብ ልብ ትሰርቃለች። ብዙ ሰው ግን ገዝቶ ቤት ካስገባት በኋላ ብዙ ሳትቆይ ትሞትበታለች። ገዳዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ!

የትውልድ ቦታዋን ያወቀ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። አገሯ ታንዛኒያና ደቡብ ምሥራቅ ኬንያ ነው። የኡሳምባራ ተራሮች ላይ፣ በደን ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ በተጠራቀመ ትንሽ አፈርና ብስባሽ ቅጠል ውስጥ ትበቅላለች። እዚያ ውሃ ይመጣል፣ ግን አይተኛም። ሥሯ እርጥበትም አየርም አብሮ ለምዷል። እኛም ቤት ውስጥ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ጤነኛ ቅጠል ምረጡ። ከመሃል ያለው ለጋ ነው፣ ከዳር ያለው አርጅቷል፣ ስለዚህ መካከለኛውን ውሰዱ። ዘንጉን በንጹሕ ምላጭ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ሰያፍ ቁረጡት። ሰያፍ ሲሆን የተቆረጠው ቦታ ይሰፋል፣ አዳዲሶቹ ተክሎች የሚወጡትም ከዚያው ነው።

አፈሩ ላይ አትሰስቱ። የጓሮ አፈር ብቻውን አይሆንም፣ ውሃ ሲጠጣ ይጠጥርና ሥሩን ያፍናል። ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ) እና ፐርላይት (አየር የሚያስገባ ቀላል ነጭ የድንጋይ ጠጠር) እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ዘንጉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትከሉት፣ ቅጠሉ ራሱ አፈር እንዳይነካ። ትንሽ አርጥቡትና በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ሥር ለማውጣት አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ ከአፈር በላይ ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ እስኪሉ ደግሞ ሁለት ወርም ሊያልፍ ይችላል። ምንም አልታየም ብላችሁ ነቅላችሁ እንዳታዩት፣ የጀመረው ሥር ይበጠሳል። እናት ቅጠሉ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ከአንድ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ልጆች ይወጣሉ። ቅጠሎቻቸው የሳንቲም ያህል ሲሆኑ ቀስ ብላችሁ ለያዩና እያንዳንዳቸውን በትንሽ ፖት ትከሉ። ሰፊ ፖት አያስፈልግም፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይቆይና መበስበስ ያመጣል። የፖቱ አፍ ስፋት የተክሉ ስፋት አንድ ሦስተኛ ቢሆን በቂ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። የአፈሩን ላይ በጣት ንኩት፣ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ። እኔ ከታች ማጠጣትን እመርጣለሁ፦ ፖቱን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለግማሽ ሰዓት ታስቀምጡታላችሁ፣ የሚበቃውን ይስባል፣ የተረፈውን ትደፋላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ የማይለቅ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ያወጣል። ቅጠሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፣ ያኔ ውሃ መጨመር ማባባስ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ደስ ይላታል፣ ከ15 በታች አትወድም። ፈሳሽ ማዳበሪያ ስትሰጡ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ብቻ በውሃ አቅጥኑ።

ቅጠሏ እያማረ አበባ ከከለከለቻችሁ ብርሃን አንሷታል። ዘንጎቿ ረዝመው ወደ ላይ ከተንጠራሩ ምልክቱ ያ ነው። ወደ መስኮቱ አስጠጓት፣ ወይም በቀን 12 ሰዓት ያህል የኤልኢዲ መብራት ስጧት፣ ሌሊት ግን ጨለማ ያስፈልጋታል። በየሳምንቱ ፖቱን ሩብ ዙር ብታዞሩት ወደ አንድ ጎን አትጋድልም። የጠወለገውን አበባ ከሥሩ ቁረጡላት፣ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል።