ከጥገና በኋላ አልይዝ ያለን የእጅ ፍሬን እንዴት መፈተሽና ማስተካከል ይቻላል?

ደሴ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው የእጅ ፍሬንን ችላ ሊል አይችልም። ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ይዛ በተቆረቆረች ከተማ ሜዳ የሆነ ማቆሚያ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኋላ ጎማዎችን የፍሬን ሸራ አስቀይሬ ከጋራዥ በወጣሁ ዕለት፣ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለ አቀበት ላይ ቆሜ እጀታውን እስከ ጫፉ ስቤ ወረድኩ። በሩን ዘግቼ ሁለት እርምጃ ሳልራመድ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። በአጠገቡ ጫማ ይጠርግ የነበረ ልጅ ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባና «አብሽር ጋሼ፣ ቆማለች» አለኝ። የዚያን ልጅ ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳም።

ወደ ጋራዡ ስመለስ ከእጀታው ሥር ያለውን ዳዶ ብቻ አጠበቁልኝ። እጀታው ጠነከረ፤ እኔም ችግሩ የተፈታ መስሎኝ በማግስቱ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ስወርድ ከቀኝ የኋላ ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ቸርኬው እጅ አያስጠጋም። ሸራዎቹን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ማለትም ታምቡሩ፣ ሲከፈት ገና ሳምንት ያልሞላቸው ሸራዎች ጠርዛቸው ጠቁሮ፣ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያው ፍሬን መጀመሪያ አልይዝ፣ ቀጥሎም አልለቅ ያለው በአንድ ምክንያት ነው፤ በጎማው መስተካከል የነበረበት ነገር በእጀታው በኩል ተስተካክሏል። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅደም ተከተል ይህ ስህተት በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው።

እጀታው ሲሳብ ከወለሉ ሥር የሚያልፈው የብረት ገመድ፣ ማለትም ካቮው፣ ይወጠራል፤ ኃይሉ ለግራና ለቀኝ ጎማ ይከፈላል። ታምቡሩ ውስጥ ደግሞ ካቮው አንዲት አጭር ማንሻ ይስባል፤ ማንሻዋም ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ገፍታ ከታምቡሩ ጋር ታጣብቃቸዋለች። ሸራዎቹ ከታምቡሩ የሚርቁበትን ክፍተት የሚወስነው ግን ካቮው ሳይሆን በሁለቱ ሸራዎች መካከል የሚቀመጠው፣ መካኒኮች ሬጅስትሮ የሚሉት ባለ ጥርስ ማስተካከያ ነው። አዲስ ሸራ ወፍራም በመሆኑ ታምቡሩ እንዲገባ ሲባል ሬጅስትሮው ተዘግቶ እንዲያጥር ይደረጋል፤ ከተገጠመ በኋላ ተመልሶ ካልተከፈተ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ካቮውን ማጥበቅ ማንሻዋን ከማረፊያዋ አንስቶ ስለሚያስቀራት፣ በብዙ መኪኖች ላይ ፍሬኑ ራሱን በራሱ እንዳያስተካክል ጭምር ያግደዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ክሪክ ሳይነካ የሚደረግ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ በርቶ ሳለ የእግር ፍሬኑን ይርገጡ፤ ቀጥሎም እጀታውን በዝግታ እየሳቡ የሚያሰማውን ጠቅታ ይቁጠሩ። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ግን ከ5 እስከ 9 ባለው ውስጥ ነው። የእግር ፍሬኑ ወደ ታች ጠልቆ የሚይዝ ከሆነና እጀታውም ከልኩ በላይ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሸራው ክፍተት ነው። የእግር ፍሬኑ ከፍ ብሎ እየያዘ እጀታው ብቻ ከላላ፣ ካቮው ተለጥጧል ወይም ከማንሻዋ ጋር በትክክል አልተያያዘም ማለት ነው። ይህቺ ትንሽ ፈተና ብዙ ከንቱ ድካም ታስቀራለች።

ቀጥሎ መኪናውን ማንሳት ይመጣል፤ እዚህ ላይ መቸኮል ሕይወት ያስከፍላል። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ የኋላው ከመሬት ከተነሳ በኋላ መኪናውን በቦታው የሚያቆየው ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ የሚገባው ታኮ ብቻ ነው። ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ክብደቱን በሚችል የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ የተደራረበ ድንጋይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መደገፊያ ሊሆን አይገባም። አይሱዙን በመሳሰሉ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ የሚይዝ ነው። እንዲህ ባለው መኪና አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሳ፣ የዘንጉን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የተነሳውን ጎማ በነፃ ስለሚያዞረው፣ እጀታው ተስቦም እንኳ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ዘንጉ ለጥገና ከተፈታም የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው። ስለዚህ የጭነት መኪና ባለቤቶች ታኮን እንደ ዋና ፍሬን ይቁጠሩት።

የኋላ ጎማዎች ከተነሱ በኋላ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይልቀቁ፤ መኪናውን ከማርሽ ያውጡና ሁለቱንም ጎማዎች በእጅ ያዙሩ። ቀለል ያለ የመፋተግ ድምፅ ያለ ነው፤ ጎማው እጅን የሚታገል ከሆነ ግን የሆነ ነገር ይዞታል። ከዚያ በእጀታው በኩል ያለውን የካቮ ዳዶ ካቮው ጨርሶ እስኪላላ ይፍቱት። ይህን ሳያደርጉ ሬጅስትሮ መንካት ዋጋ የለውም፤ በተወጠረ ካቮ ላይ የሚገኝ ልክ እውነተኛ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ጎማው እንሂድ። ከታምቡሩ በስተጀርባ ባለው ሳህን ላይ በጎማ ቁራጭ የተደፈነ ቀጭን ቀዳዳ አለ፤ አንዳንድ መኪኖች ላይ ቀዳዳው በታምቡሩ ፊት ላይ ይገኛል። በዚያ በኩል ካቻቢቴ አስገብተው የሬጅስትሮውን ጥርስ አንድ በአንድ ይግፉ። በትክክለኛው አቅጣጫ እየገፉ ከሆነ ጎማው ቀስ በቀስ ይከብዳል። በእጅ ለማዞር እስኪያስቸግር ድረስ ከከፈቱት በኋላ፣ በነፃነት እስኪዞር ድረስ ጥርሱን ይመልሱ። ለመመለስ ግን ሁለት ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ጥርሱ ላይ የምታርፈው ትንሽ ምላስ ወደ ኋላ እንዳይዞር ስለምትከለክለው፣ በቀጭኑ ካቻቢቴ ምላሷን ገለል አድርጎ ይዞ በሌላው ማዞር ነው። ብዙ ሰው ምላሷን ሳያነሳ በጉልበት ይመልስና ጥርሱን ይበላዋል። ግራውንም ቀኙንም ተመሳሳይ እስኪሆኑ ካስተካከሉ በኋላ የእግር ፍሬኑን ደጋግመው አጥብቀው ይርገጡ፤ ሸራዎቹ መሐል ይይዛሉ። እንደገና ያዙሩ፤ ልዩነት ካለ ይድገሙት።

ካቮው የሚወጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጀታው በመመሪያው ቁጥር ላይ እስኪይዝ ድረስ ዳዶውን ያጥብቁ፤ መቆለፊያ ዳዶ ካለውም እሱን ማሰር አይርሱ። እጀታው ሲለቀቅ ሁለቱም ጎማዎች በነፃ መዞር አለባቸው፤ በተወሰነ ጠቅታ ላይ ሁለቱም እኩል መፋተግ ሊጀምሩ፣ ሙሉ በሙሉ ሲሳብም ሁለቱም በእጅ ጉልበት የማይነቃነቁ ሊሆኑ ይገባል። አንደኛው ይዞ ሌላው ከለቀቀ፣ ያልያዘው ጎማ ካቮ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ መሆኑን ይጠርጥሩ። ጭቃና ውሃ በተሰነጠቀ ሽፋን ገብቶ ካቮውን ያዝገዋል፤ እንዲህ ያለው መለወጥ እንጂ ዘይት መቀባት አያድነውም።

ማስተካከያው ሁሉ ተደርጎ ፍሬኑ ካልያዘ ታምቡሩ ይከፈት። ከጥገና በኋላ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የግራና የቀኝ ሬጅስትሮ መቀያየር ነው፤ በብዙ መኪኖች የብሎናቸው ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከተቀያየሩ ፍሬኑ ራሱን ሲያስተካክል ሸራውን በማቅረብ ፈንታ ያርቀዋል። ሁለተኛው በሸራው ፊት ላይ የነካ ግራሶ ወይም የፍሬን ዘይት ነው። ሸራ ዘይት ከጠጣ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሸም በቤንዚን ቢታጠብም አይመለስም፤ የዘይቱ ምንጭ ተዘግቶ የሁለቱም ጎማ ሸራ አንድ ላይ ይለወጥ። ታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአየር ማስነፋት ወይም በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የኋላ ጎማቸው ዲስክ የሆነ መኪኖች ሌላ ጠባይ አላቸው። የእጅ ፍሬኑ ሸራውን ከዲስኩ ጋር በሚያጣብቀው ካሊፐር ውስጥ በሚሠራባቸው ላይ ፒስተኑ አብዛኛውን ጊዜ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው፤ በጉልበት ከተገፋ የውስጡ አካል ይሰበራል። አሁን በብዛት እየገቡ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችና በሌሎችም በእጀታ ፈንታ ቁልፍ በመጫን በሚሠሩ የእጅ ፍሬኖች ላይ ደግሞ፣ ሸራው ከመለወጡ በፊት ፍሬኑ በመመርመሪያ መሣሪያ ወይም በመመሪያው በተጻፈው ሥርዓት ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። ይህን የማያውቅ ጋራዥ እንዳይነካው ይከልክሉ።

እጀታው ተለቆም የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ካልጠፋ፣ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን መጠን ይመልከቱ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ለዘይት ማነስም የሚበራው ያው መብራት ነው። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ከእጀታው ሥር ያለችው ማብሪያ ተነቅላ ወይም ቦታዋን ስታ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና በሁለት ሰው ይደረግ። መጠነኛ ዳገት ላይ ረዳትዎ ታኮ ይዞ ከመኪናው ጎን እንጂ ከኋላው ሳይሆን ይቁም። የእግር ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን ያውጡ፤ እጀታውን ስበው እግርዎን በዝግታ ያንሱ። መኪናውን አዙረው አፍንጫው ወደ ታች ሆኖም ይሞክሩት፤ በአንዱ አቅጣጫ ይዞ በሌላው የሚለቅ ፍሬን አለ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ነድተው ያቁሙና መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ወደ ሬጅስትሮው ይመለሱ። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ይህ ፈተና ሳይደረግ ያን መንገድ መጀመር አይገባም። ካለፈ በኋላም፣ አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሲላመድ ክፍተቱ ስለሚለወጥ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠቅታውን ዳግም ይቁጠሩ፤ እስከዚያው ዳገት ላይ ሲያቆሙ መኪናውን በማርሽ አስገብተው ታኮ ያድርጉለት።