ሰርቨራችሁ መሣሪያዎቹን በየስንት ጊዜው ይጠይቅ? የፖሊንግ ሴቲንግ አስተካከል

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ መንዘር ጀመረ። ወሩ ግንቦት ነው። ድሬ በግንቦት ሌሊቱም አይበርድም፣ እንቅልፍ የወሰደኝ ገና ነበር። አንድ መልእክት፣ ሁለት፣ አምስት። ተነስቼ ስቆጥራቸው 37 ደርሰዋል። ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ጠፍቷል፣ ካሜራ ጠፍቷል፣ ፕሪንተር ጠፍቷል። ሳቢያን ያለው መጋዘናችን የተቃጠለ መሰለኝ። ልቤ እየመታ ለጥበቃው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነው?»

«አቦ፣ ምን ሆነሃል በዚህ ሌሊት? መብራት ነው የሄደው። አሁን መጣ፤ ተኛ» አሉኝ።

ኔትወርካችንን የሚከታተለው ሶፍትዌር አልተበላሸም ነበር። የታዘዘውን ነው የሠራው። ችግሩ ትዕዛዙ ላይ ነው። ሲጫን ይዟቸው የመጣቸውን ቁጥሮች ግማሹን ሳንነካ ትተናል። ግማሹን ደግሞ «ፈጠን ይበል» ብለን ዝቅ አድርገናል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስተካከልኩት። የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ፖሊንግ ማለት ሰርቨሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒውተር፣ እየዞረ እያንዳንዱን መሣሪያ መጠየቁ ነው። ጥያቄው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፒንግ ነው፤ «አለህ ወይ?» ብቻ ይላል። ሌላው በኤስኤንኤምፒ፣ የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው መረጃ በሚሰጡበት ቋንቋ፣ የሚሄደው ነው። እሱ ጠለቅ ይላል፦ በ5ኛው ፖርትህ (ኬብል በሚሰካበት ቀዳዳ) ስንት ባይት አለፈ? ሙቀትህ ስንት ነው? ከተነሳህ ስንት ጊዜ ሆነህ? መሣሪያው ይህን ጥያቄ በዩዲፒ ፖርት 161 ተቀብሎ ይመልሳል፤ ይሄኛው ፖርት የኬብል ቀዳዳ ሳይሆን የመልእክት መግቢያ ቁጥር ነው።

«መሣሪያው ችግር ሲገጥመው ራሱ ለምን አይናገርም?» የሚል አይጠፋም። ይናገራል። ትራፕ ይባላል፤ ወደ ሰርቨሩ ፖርት 162 ይላካል። ግን መብራት ድንገት የሄደበት ስዊች አብዛኛውን ጊዜ ለመናገር ፋታ አያገኝም። ትራፑም መንገድ ላይ ከቀረ ቀረ ነው። ስለዚህ ትራፕን ጨምሩበት እንጂ ፖሊንግን አትተዉ።

ምሳሌዎቼ በዛቢክስ ናቸው፤ ኔትወርክ የሚከታተል ሶፍትዌር ነው፣ ነፃ ነው፣ እኛም የምንጠቀመው እሱን ነው። በሌላ ሶፍትዌር ብትሠሩም የሜኑው ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት መሣሪያዎቻችሁን ጻፉ። ስሙን፣ አይፒ አድራሻውን፣ የት እንዳለና በየትኛው መስመር በኩል እንደሚደረስ ጻፉ። ከጎኑ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይሄ ቢጠፋ ሥራው የሚቆመው ማን ነው?

የእኛን ልንገራችሁ። ዋናው ቢሮ ከዚራ ነው። ሱቁ መጋላ፣ መጋዘኑ ሳቢያን። ኔትወርኩ ከከዚራ ወደ ሁለቱ የሚሄደው በሬዲዮ ሊንክ፣ ያለ ኬብል ነው። የከዚራው ራውተር ቢጠፋ ሁሉም ሰው ይቆማል። የሳቢያን ሊንክ ቢጠፋ መጋዘኑ በሙሉ ይቆማል። የመጋዘኑ ፕሪንተር ቢጠፋ ግን አንድ ሰው ሌላ ክፍል ሄዶ ያትማል። ሦስቱን በእኩል ፍጥነት መጠየቅ ምንም ትርጉም የለውም።

2. በእጅ ሞክሩ

ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ ፒንግ አድርጉ። ከዚያ ስዊቹ ላይ ኤስኤንኤምፒን አብሩና ኤስኤንኤምፒዎክ በሚባለው ትዕዛዝ መልስ መስጠቱን እዩ። በእጅ ያልመለሰ መሣሪያ በሶፍትዌሩም አይመልስም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፋየርዎል ነው ወይም የተሳሳተ የይለፍ ቃል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ብዙ መሣሪያ «ፐብሊክ» በሚል የታወቀ ቃል ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ቀይሩት። መሣሪያው የሚችል ከሆነ የኤስኤንኤምፒን ሦስተኛ ቨርዥን ተጠቀሙ፤ ማንነት ያረጋግጣል፣ መልእክቱንም ይመሰጥራል። ለመከታተል የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይበቃል፤ የመጻፍ ፈቃዱን ዝጉት። ስዊቹም ከሰርቨሩ አይፒ በስተቀር ለማንም እንዳይመልስ አድርጉ።

3. በየስንት ጊዜው?

ዋናው ይሄ ነው። ቶሎ ቶሎ መጠየቅ የተሻለ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ የስዊቹን ፕሮሰሰር ይወስዳል፣ መስመሩን ይይዛል፣ መልሱም ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

አብረን እናስላው። ባለ 24 ፖርት ስዊች አለን እንበል። ከእያንዳንዱ ፖርት 6 ነገር እንጠይቃለን፤ 144 ሆነ። እንዲህ ያሉ 20 ስዊቾች ቢኖሩ 2,880 ጥያቄ ነው። በየ30 ሰከንዱ ከጠየቅን በሰከንድ 96 መልስ ይመጣል። በቀን ከ8 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ዛቢክስ ለአንድ የቁጥር መልስ 90 ባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ በቀን ወደ 750 ሜጋባይት ይሄዳል። በየ5 ደቂቃው ብንጠይቅ ግን አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። እና ማንም ገብቶ የማያየው የፖርት ግራፍ ከሆነ ለማን ብለን ነው በየ30 ሰከንዱ የምንጠይቀው?

እኔ የመደብኩት እንዲህ ነው። ዋናው ራውተርና ሁለቱ ሬዲዮ ሊንኮች በየ30 ሰከንዱ ፒንግ ይደረጋሉ። የቀሩት በየ60 ሰከንዱ። የዋና ፖርቶች ትራፊክ በየደቂቃው፣ የተራ ፖርቶች በየ5 ደቂቃው። ሙቀት በየ5 ደቂቃው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። የመሣሪያው ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር በቀን አንዴ ይበቃዋል።

ዛቢክስ ላይ ይህን የምትቀይሩት «አፕዴት ኢንተርቫል» በሚለው ሳጥን ነው። መሣሪያ በመሣሪያ አትቀይሩት፤ ነገ 50 ሲሆን የትኛውን እንደነካችሁ ትረሳላችሁ። ቴምፕሌቱ ላይ፣ ማለትም ብዙ መሣሪያዎች በሚጋሩት የሴቲንግ ቅጽ ላይ፣ ቀይሩት። አብሮ የመጣውን ቴምፕሌትም በቀጥታ አትንኩ። ኮፒ አድርጋችሁ በራሳችሁ ስም አስቀምጡና ኮፒውን አስተካክሉ። አለበለዚያ የቴምፕሌቱን አዲስ ቨርዥን ስታስገቡ የለፋችሁበት ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ፖርት ላይ ያለፈውን ባይት የሚቆጥረው ቆጣሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት። ባለ 32 ቢቱ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መስመሩ 100 ሜጋቢት ሆኖ ሙሉ ለሙሉ ከተጨናነቀ ይህን ለመጨረስ 343 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ጊጋቢት ከሆነ 34 ሰከንድ ብቻ! በየ5 ደቂቃው የምትጠይቁ ከሆነ በሁለት ጥያቄ መሀል ስምንት ጊዜ ዞሮ ይጠብቃችኋል። ግራፉ ሥርዓት ያለው ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ መጠየቅ ሳይሆን ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ መጠየቅ ነው። የኤስኤንኤምፒ አንደኛው ቨርዥን ይህን ቆጣሪ አያውቀውም፤ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ምረጡ።

ስለ ሰዓት። ዛቢክስ በሥራ ሰዓት ፈጠን፣ ከሥራ ውጭ ቀስ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። «ከስተም ኢንተርቫል» ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን ትሞላላችሁ። ቀኑ በቁጥር ነው፤ 1 ሰኞ፣ 7 እሑድ። ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው! ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ለማለት 08:00 እና 18:00 ብላችሁ ጻፉ። በእኛ ሰዓት 02:00 ብሎ ሞልቶ ሥራው በሌሊት የሚፈጥንበት ሰው አይቻለሁ። የሰርቨሩ የሰዓት ክልልም አዲስ አበባ ላይ መሆኑን እዩ።

4. ስንት ሰከንድ ይጠብቅ?

ታይምአውት ማለት ሰርቨሩ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ዛቢክስ ከ3 ሰከንድ ይጀምራል። በኬብል ለተያያዘ ቢሮ 3 ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። በሬዲዮ ለሚደረስ ደካማ ስዊች ወደ 5 ከፍ ማድረግ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ መሣሪያዎቹ በአንዴ ሲጠፉ ሰርቨሩ የሞቱትን ሲጠብቅ ያሉትን ሳይጠይቅ ይቀራል።

ርካሽ የሆኑ ስዊቾች ብዙ ጥያቄ ባንዴ ሲመጣባቸው ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ የመሣሪያው ኢንተርፌስ ላይ «ዩዝ ኮምባይንድ ሪኩዌስትስ» የሚለውን ምልክት አንሱለት። የእኛ የመጋላው ስዊች ጭጭ ብሎ ሰንብቶ በዚህ ነው አፉን የከፈተው።

5. መቼ ይጩህ?

አንድ ፒንግ ስለጠፋ መሣሪያው ሞቷል ማለት አይደለም። ሦስት ተከታታይ ጥያቄ ሳይመልስ ሲቀር ነው ማንቂያ መላክ ያለበት።

ቀጥሎ ጥገኝነቱን ሙሉ። ሳቢያን ያለው ሁሉ የሚደረሰው በአንድ ሊንክ ነው። ሊንኩ ሲጠፋ ስለ ሊንኩ ብቻ ልስማ፤ ከጀርባው ያለው ዝም ይበል። ዛቢክስ ላይ በእያንዳንዱ ትሪገር (ማንቂያው መቼ እንደሚነሳ በሚወስነው ሕግ) ውስጥ «ዲፔንደንሲስ» የሚል ክፍል አለ። የመጋዘኑን ስዊችና ካሜራ ትሪገሮች በሊንኩ ትሪገር ሥር አስገቡ።

ይህን አድርጌ ብቻ ብተወው ኖሮ አይሠራም ነበር። ለምን? ካሜራው ከሊንኩ ቀድሞ «ጠፋ» ከተባለ፣ ሶፍትዌሩ ሊንኩ መጥፋቱን ገና ስላላወቀ የካሜራውን መልእክት ይልካል። ስለዚህ የላይኛው ከታችኞቹ ቀድሞ መታወቅ አለበት። 30 እና 60 ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሊንኩ በየ30 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ መጥፋቱ ይታወቃል። ካሜራው በየ60 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ ቢያንስ 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁሌም ሊንኩ ይቀድማል።

ሙቀት ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የመጋላው ስዊች ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳጥኑን በእጅ መንካት አይቻልም። ማንቂያው 60 ዲግሪ ላይ ነበር። 60፣ 59፣ 61፣ 59 እያለ ሲዋልል በየ5 ደቂቃው «ጋለ»፣ «በረደ» የሚል መልእክት ይመጣል። መጀመሪያ የስዊቹን ማንዋል አይታችሁ የሚችለውን ሙቀት እወቁ። ከዚያ ማንቂያውንና ማጥፊያውን አራርቁ። 60 ሲደርስ ይጩህ፣ «በረደ» የሚለው ግን ከ55 በታች ሲወርድ ብቻ ይሁን። ቦታው «ሪከቨሪ ኤክስፕረሽን» ይባላል። ሳጥኑንም ወደ ጥላ አዛውሩት፤ እኛ አዛውረነዋል።

6. ሰርቨሩ ራሱ እየደረሰ ነው?

«አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ኪው» የሚል ገጽ አለ። ሰዓታቸው አልፎ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች እዚያ ይታያሉ። አልፎ አልፎ ጥቂት ቢኖሩ ችግር የለም። ወረፋው እያደገ ከሄደ ግን ወይ ጥያቄ ቀንሱ፣ ወይ ጠያቂዎቹን ጨምሩ። ጠያቂዎቹ ፖለር ይባላሉ፤ በሰርቨሩ ኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ ከ5 ይጀምራሉ። መጀመሪያ መቀነሱን ሞክሩ፤ ሁልጊዜ የማይረባ ጥያቄ አይጠፋም።

7. ነቅላችሁ እዩ

ሳይሞከር ሠራ አይባልም። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ሳቢያን ላሉት ጋሼ ደወልኩ። «የሬዲዮውን ሶኬት አንዴ ይንቀሉልኝ» አልኳቸው። «ነቀልኩ» አሉ። ስልኩን ሳልዘጋ ሰዓቴን ያዝኩ። 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲሆን አንድ መልእክት ገባ፦ «የሳቢያን ሊንክ ጠፍቷል።» አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ስለ ካሜራው፣ ስለ ስዊቹ፣ ስለ ፕሪንተሩ ምንም አልመጣም።

«ልመልሰው?» አሉኝ።

«ይመልሱት ጋሼ።»

ሬዲዮው ተነስቶ ሲያበቃ ሁለተኛው መልእክት መጣ፦ «የሳቢያን ሊንክ ተመልሷል።»