የስቱዲዮ «ሁምምም»፦ ከየት ይመጣል፣ እንዴት ይጠፋል?

ማንም አይዘፍንም፣ ምንም አልተከፈተም፣ ስፒከሩ ግን «ሁምምም» ይላል። ተጠርቼ ከሄድኩባቸው ስቱዲዮዎች አብዛኞቹ የጠሩኝ ለዚህ ነው። ስደርስ ባለቤቱ ሳውንድ ካርዱ (ማይኩንና ስፒከሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) ተበላሽቷል ብሎ ደምድሞ፣ የአዲሱን ዋጋ ጠይቆ ይጠብቀኛል። ሳውንድ ካርዱ ደህና ነው። ብራችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ድምፁን ለዩት። ወፍራምና ወጥ ከሆነ የመብራት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሁምታውም 50 እና እጥፉ 100 ላይ ይቀመጣል። ቀጭን «ዚዝዝ» ሆኖ ማውስ ስታንቀሳቅሱ አብሮ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ከላፕቶፑ ነው።

ቀጥሎ የስፒከሩን ድምፅ ቀንሱና ከኋላው የገባውን የኦዲዮ ገመድ ንቀሉ። ዝም ካለ ስፒከሩ ጤነኛ ነው። ገመዱን መልሱና የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ በባትሪ ይሥራ። አሁን ዝም ካለ ሌባው ተያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፒከሩ አንዱ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፣ ላፕቶፑ ሌላው ላይ። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ከኧርዝ (ያፈተለከ ከረንትን ወደ መሬት ከሚያወርደው ሽቦ) ጋር ይገናኛሉ፤ በኦዲዮ ገመዱ ደግሞ እርስ በርስ። ክብ ተፈጠረ ማለት ነው። በሁለቱ ኧርዝ መሃል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ካለ፣ ከረንት በኦዲዮ ገመዱ ይመላለሳል። የምትሰሙት እሱን ነው።

ሌላው ጭራሽ ኧርዝ ያጣ ቻርጀር ነው። ባለሦስት እግሩ ፕለግ በርካሽ አዳፕተር በኩል ሲሰካ፣ ኧርዙ እዚያው አዳፕተሩ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ከረንት መውጫ ሲያጣ በኦዲዮ ገመዱ ይሄዳል። ከእነዚህ አዳፕተሮች አንዱን ፈትቼ አይቻለሁ። ለሦስተኛው እግር ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ጀርባ ግን ብረት የለም። ባዶ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ስቱዲዮ ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል።

መፍትሄው ውድ አይደለም። ሳውንድ ካርዱን፣ ስፒከሮቹንና ላፕቶፑን ኧርዝ ካለው አንድ ሶኬት በሚወጣ አንድ ጥሩ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቧቸው። ከዚያ ወደ ስፒከር የሚሄደውን የጃክ ገመድ ጫፍ እዩ። አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ካለው የጊታር ገመድ ነው፤ ቀይሩት። ሁለት ቀለበት ያለው ባላንስድ ነው፤ ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ገልብጦ ይልካል። መሣሪያዎቹ ባላንስድ ከሆኑ፣ መንገድ ላይ የገባውን ኖይዝ ስፒከሩ ራሱ ያጠፋዋል። ይህን ገመድ ብቻ ቀይሬ የወጣሁባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሁምታው የሚመጣው በኪቦርድ ከሆነ ዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ድምፅ ወደ ባላንስድ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን) አስገቡና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን፣ በኦዲዮ ገመዱ በኩል ያለውን የኧርዝ ግንኙነት የሚያቋርጠውን ማብሪያ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ ሶኬቱን ጠርጥሩ። አንድ ስቱዲዮ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሶኬቱ አዲስ ነው፣ የኧርዝ ብረቱም በሁለት ጎኑ ይታያል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ከፌዝ (መብራቱን ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ኧርዝ ሲለካ፣ 220 አካባቢ ማንበብ የነበረበት መልቲሜትር ዝም ብሎ ይዋዥቃል። ብሬከሩ ወርዶ ሶኬቱ ሲፈታ፣ ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ተጠቅልላ ከጀርባ ተኝታለች። የገጠመው ሰው ሁለት ብሎን አጥብቆ ሦስተኛውን ትቶታል። በአምስት ደቂቃ ታሰረች፤ ሁምታውም ጠፋ። ሶኬት መፍታት ግን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ ራሳችሁ አትንኩት።

የፕለግ ኧርዝ እግር በፒንሳ አትቁረጡ። በቴፕም አትሸፍኑ። ሁምታው ይጠፋል፣ አዎ። አንድ ልጅ የጊታር አምፑን እንዲህ አድርጎት ነበር። ጊታሩን ይዞ ሲጫወት ምንም አላለውም። ሊዘፍን ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። በማይኩና በጊታሩ ሽቦ መሃል ስለካ 110 ቮልት አካባቢ አነበብኩ። ከረንቱ ትንሽ ስለነበረ ተረፈ። አምፑ ውስጥ ፌዙ ተላቆ ከቆርቆሮው ጋር ቢገናኝ ኖሮ አይተርፍም ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሌላ ሰው ያደረገውን ካያችሁም ፕለጉን አስቀይሩ።

ሁምታው አንድ ማይክ ሲሰካ ብቻ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። የኤክስ ኤል አሩን (የባለሦስት ፒኑን የማይክ ገመድ) ጫፍ ፈትታችሁ የገመዱ የብረት ሽፋን የሚያያዝበትን ፒን 1 እዩ። ርካሽ ገመድ ውስጥ ሽፋኑ ሙሉ መረብ አይደለም፤ ፀጉር የመሰሉ ጥቂት ክሮች ናቸው። ትንሽ ሲጎተቱ ይበጠሳሉ። ቆርጣችሁ እንደገና በሊድ ያዙት። ስትፈቱ ሳውንድ ካርዱ ለማይክ የሚልከው 48 ቮልት መጥፋቱን እርግጠኛ ሁኑ።

ምንጩን ሳትነኩ በፊልተር ልቁረጠው አትበሉ። በገና የቀዳ ልጅ 50 እና 100ን ሲቆርጥ የበገናውን ደረት ይዞት ሄደ። ከዚያ ዝዝታውንም ኖይዝ መስሎት ሊያጠፋ ጀመረ። እሱ እኮ የበገናው የራሱ ድምፅ ነው! አውታሩ ከሥሩ ከገባችለት ቁራጭ ቆዳ ጋር እየተነካካ የሚያወጣው ነው። ያን አጥፍታችሁ ምን ልትቀዱ ነው?

የቀሩት አጭር ናቸው። ሲቀዳ «ጠቅ ጠቅ» ካለ በሳውንድ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ በፈርን (ላፕቶፑ ድምፁን ለማስተናገድ የሚያጠራቅምበትን መጠን) ከ64 ወደ 256 ከፍ አድርጉ። የተቀዳው ፈጥኖና ቀጥኖ ከተሰማ የቀረጻው ፋይልና የሳውንድ ካርዱ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ተለያይቷል፤ አንዱ 44.1፣ ሌላው 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው፤ አንድ አድርጓቸው። አንዱ ስፒከር ዝም ካለ የግራና የቀኙን ገመድ አቀያይሩ፤ ዝምታው አብሮ ከዞረ ስፒከሩን ተዉት፤ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ስፒከሮቹ «ቧ» የሚሉ ከሆነ፣ መብራት እንደሄደ ማብሪያቸውን አጥፉ፤ ሲመለስም መጨረሻ ላይ ክፈቷቸው። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ ላይ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ንፉና ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ የማጠፊያ ዘይት ግን አታስገቡበት፤ አቧራ ይሰበስባል።