ሊኑክስ ላይ ሁለት ስክሪን ሰክታችሁ ፉልስክሪን ቪዲዮ ሲያስቸግራችሁ

ሀዋሳ ውስጥ ሰርግ የምትኤዲቱ ልጆች፣ ለሙሽሮቹ በሁለተኛው ስክሪን ልታሳዩ ስትሉ ቪዲዮው በናንተው ስክሪን ላይ ከተከፈተ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ ዲስፕሌይ ላይ ሚረር (ሁለቱም ስክሪን አንድ አይነት ነገር የሚያሳዩበት) አለመሆኑን እዩ። ከዛ የምትጠቀሙት የሊኑክስ ዴስክቶፕ ኖም ከሆነ ሱፐር (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) እና ሺፍትን ይዛችሁ የቀኝ ወይ የግራ ቀስት ስትጫኑ መስኮቱ ወደ ሌላኛው ስክሪን ይሄዳል፣ እዛ ከደረሰ በኋላ ፉልስክሪን አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ እምቢ ካለ ኮንትሮልና ፒ ተጫኑና ቪዲዮ የሚለው ውስጥ የፉልስክሪን ዲቫይሱን ምረጡ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ዘግታችሁ ክፈቱት።

ምስሉ በአግድም የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ አንዱ ስክሪን 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ) ሌላው 144 ሲሆን ኤክስ ኢለቨን የሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ሲስተም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይከብደዋል፣ አዲሱ ዌይላንድ ግን ለየብቻ ስለሚያስኬዳቸው በጣም ይሻላል፣ እኔ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ሌላ አልመክርም። ሎግ አውት አድርጋችሁ ፓስወርድ የምታስገቡበት ቦታ ላይ ጥርስ ያለችውን ምልክት ነክታችሁ ወደ ዌይላንድ ቀይሩ። መቀየር ካልቻላችሁ ሁለቱንም 60 አድርጓቸው። ቪዲዮው የሚጠቁረው ብሮውዘር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽኑን (ቪዲዮውን በግራፊክስ ካርዱ የሚያስኬደውን) አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ድምፁ ከላፕቶፑ ከወጣ ሳውንድ ላይ አውትፑቱን ኤችዲኤምአይ (ሁለተኛው ስክሪን በኤችዲኤምአይ ገመድ የተሰካ ከሆነ) አድርጉት።