የተበላሸ ሪሳይክል ቢንን ማስተካከል፦ «የስ» ከመጫንዎ በፊት

ፋይል ሲሰርዙ ወይም ድራይቭ ሲከፍቱ ዊንዶውስ የዚህ ድራይቭ ሪሳይክል ቢን ተበላሽቷል፣ ባዶ ላድርገው ወይ ብሎ ከጠየቀ፣ ለጊዜው «ኖ» ይበሉት። «የስ» ካሉት በዚያ ድራይቭ ላይ የሰረዟቸው ፋይሎች በሙሉ እስከወዲያኛው ይጠፋሉ። ውስጡ የሚያስፈልግ ነገር እንደሌለ እርግጠኛ የሆነ ሰው «የስ» ብሎ ሊሞክረው ይችላል። አንዳንዴ በዚያው ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል።

መልእክት ሳይመጣም ብልሽት አለ። የሰረዙት ፋይል ቢኑ ውስጥ አይታይም፤ ባዶ ካደረጉት በኋላ አይኮኑ ሙሉ መስሎ ይቀራል፤ «ሪስቶር» ቢሉትም ፋይሉ ወደ ቦታው አይመለስም።

ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ቢን አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ድራይቭ የየራሱ ድብቅ ፎልደር አለው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ስሙ «$ሪሳይክል.ቢን» ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ስሙ የሆነ ፎልደር ይቀመጣል። አንድ ፋይል ሲሰረዝ እዚያ ጥንድ ሆኖ ይገባል፤ በ«$አር» የሚጀምረው ይዘቱን ይይዛል፣ በ«$አይ» የሚጀምረው ትንሽ ፋይል ደግሞ የቀድሞ አድራሻውን፣ መጠኑንና የተሰረዘበትን ሰዓት። ከዚያ ቀጥሎ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት 6 ፊደልና ቁጥር ይከተላል። «$አይ» ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ቢኑ ፋይሉን ማሳየት ያቅተዋል፣ ይዘቱ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ማውጣት ይቀድማል።

የተለመደው መንስኤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክን «ሴፍሊ ሪሙቭ» ሳይሉ መንቀል ወይም ኮምፒውተሩ እየሠራ መብራት መጥፋቱ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነም የመጀመሪያው ምልክት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሥራው በሙሉ የሚሠራው በኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት ነው። ለዚህ ተብሎ የሚወርድ የማጽጃ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ማጽጃዎችማ ከችግሩ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ይፈልጉ፣ በቀኝ ክሊክ «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ይምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ተርሚናል» ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፓወርሼል የሚባለው ሌላ የትዕዛዝ መስኮት ነው፤ ያ አይሆንም። ፓወርሼል የዶላር ምልክት ሲያይ ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ይጀምራል ብሎ ስለሚያስብ የፎልደሩን ስም ቆርጦ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እዚያው «ሲኤምዲ» ብለው ኢንተር ቢጫኑ ወደ ትክክለኛው ይቀየራል።

ከዚህ በታች ያሉትን ትዕዛዞች በንባባቸው ነው ያስቀመጥናቸው፤ ኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ያስገቧቸው። ምሳሌው ዲ ድራይቭ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ከሆነ ፊደሉን ይቀይሩ።

1. የራስዎን ቁጥር ይወቁ፦
ሁአምአይ /ዩዘር
ትዕዛዙ ሲጻፍ «ደብሊው፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፣ ኤም፣ አይ» ነው። የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ኮፒ ያድርጉት። አድሚኒስትሬተር ሲከፍቱ የሌላ አካውንት ፓስወርድ አስገብተው ከሆነ ግን የሚወጣው የዚያ አካውንት ቁጥር ነው፤ እንዲህ ከሆነ ትዕዛዙን በተራ መስኮት ያስኪዱት።

2. ወደ ፎልደርዎ ይግቡና ውስጡን ይዩ፦
ሲዲ /ዲ ዲ:\$ሪሳይክል.ቢን\(ቁጥርዎ)
ዲር /ኤ
ቅንፉ አይጻፍም። በፋይል ኤክስፕሎረር ለማየት መሞከር አያዋጣም፤ በውስጡ ያለው «ዴስክቶፕ.አይኤንአይ» ፎልደሩን እንደ ቢን ስለሚያሳየው እውነተኛዎቹ ፋይሎች አይታዩም።

3. ወደ ሌላ ጤነኛ ድራይቭ ያውጡት፦
ኤክስኮፒ *.* ኢ:\የወጣ /ኢ /አይ /ሲ
ትዕዛዙ ሲጻፍ «ኤክስ፣ ሲ፣ ኦ፣ ፒ፣ ዋይ» ነው። ለፎልደሩ ማንኛውንም የእንግሊዝኛ ስም መስጠት ይቻላል። «/ኢ» ንዑስ ፎልደሮችን ይጨምራል፣ «/አይ» መድረሻው ፎልደር መሆኑን ይነግረዋል፣ «/ሲ» አንድ ፋይል አልነበብ ቢል እንኳ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ያደርጋል። ድብቅ ፋይሎችን የሚያካትተውን «/ኤች» አይጨምሩ፤ «ዴስክቶፕ.አይኤንአይ» አብሮ ከመጣ አዲሱ ፎልደርም ቢን መስሎ ሊከፈት ይችላል።

በወጡት ውስጥ የሚፈለጉት በ«$አር» የሚጀምሩት ናቸው። ኤክስቴንሽናቸው ስላልተነካ ፎቶው እንደ ፎቶ፣ ሰነዱም እንደ ሰነድ ይከፈታል፤ የጠፋው ስማቸው ብቻ ነው። ስሙን ለማወቅ ተመሳሳይ 6 ፊደል ያለውን «$አይ» በኖትፓድ ይክፈቱ፤ ከማይነበቡ ምልክቶች መካከል የቀድሞው አድራሻ ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትንሿን «$አይ» በቀጥታ ከፍቶ አልከፈት ስትለው ፋይሌ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

4. የተበላሸውን ቢን ያጥፉት። መጀመሪያ ከፎልደሩ ይውጡ፤ ውስጡ ቆመው ቢሞክሩ በሥራ ላይ ነው ብሎ ይከለክላል።
ሲዲ /ዲ ሲ:\
አርዲ /ኤስ /ኪው ዲ:\$ሪሳይክል.ቢን

ኢንተር ከመጫንዎ በፊት መስመሩን ፊደል በፊደል ያንብቡት። ከ«ዲ:\» በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ከገባች ትዕዛዙ «ዲ ድራይቭን ከሥሩ አጥፋ፣ ከዚያም $ሪሳይክል.ቢን የሚባለውን አጥፋ» ማለት ይሆናል። «/ኪው» ደግሞ እርግጠኛ ነዎት ወይ የሚለውን ጥያቄ ስለሚያስቀር የሚያስቆም ነገር የለም። ከፈሩ «/ኪው»ን ይተዉት፤ ያን ጊዜ ስሙን ጠቅሶ ይጠይቅዎታል፣ ስሙን አይተው «ዋይ» ይላሉ። ለጀማሪ የምንመክረው ይሄንን ነው።

ትዕዛዙ በዚያ ድራይቭ ላይ የሁሉንም ተጠቃሚዎች ቢን ያጠፋል። ኮምፒውተሩን የሚጋሩት ሰው ካለ ቀድመው ይንገሩት፤ ኤስኤስዲ ላይ ከሆነ በኋላ በመመለሻ ፕሮግራም የማግኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ምንም ሳይል ወደ አዲስ መስመር ከወረደ ተሳክቷል። ፎልደሩን ዊንዶውስ ራሱ በሚቀጥለው ጊዜ ይፈጥረዋል።

ፎልደሩ ተበላሽቷል፣ አይነበብም ካለዎት ጉዳቱ ከቢኑ አልፎ የፋይል ሥርዓቱ (ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት መዋቅር) ጋ ደርሷል ማለት ነው፦
ቼክዲስክ ዲ: /ኤፍ
ትዕዛዙ ሲጻፍ «ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ» ነው። ሲ ድራይቭ ከሆነ በሥራ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንዲያየው ይጠይቃል፤ «ዋይ» ብለው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። ሲጨርስ አራተኛውን ደረጃ ይድገሙት። በ«/ኤፍ» ፈንታ የሚጻፈው «/አር» ዲስኩን በሙሉ እያንዳንዷን ሴክተር (የዲስኩን ትንሿን ክፍል) ስለሚያነብ ሰዓታት ይወስዳል፤ የሚንኳኳ ድምፅ የሚያሰማ ወይም የዘገየ ዲስክ ላይ መረጃዎን ሳያወጡ አያስኪዱት። ክልከላው የፈቃድ ከሆነ ደግሞ ክፍት ፕሮግራሞችን ዘግተው፣ ካልሆነ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚከፈትበት ሁኔታ) ገብተው ይሞክሩ።

5. ይፈትኑት። ሪስታርት ካደረጉ በኋላ እዚያው ድራይቭ ላይ ባዶ የቴክስት ፋይል ፈጥረው ይሰርዙት፣ ቢኑ ውስጥ ይዩት፣ ይመልሱት። ካልታየ የቢኑን «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው ለዚያ ድራይቭ ፋይል ወዲያው እንዲጠፋ የሚያደርገው ምርጫ እንዳልተመረጠ ያረጋግጡ። ፍላሽ ላይ ከሞከሩት ግን አይድከሙ፤ ከፍላሽና ከኔትወርክ ፎልደር የሚሰረዝ ፋይል በአብዛኛው ቢን ውስጥ ሳይገባ ነው የሚጠፋው።

መልእክቱ በቀናት ውስጥ ከተመለሰ ቢኑን ደጋግሞ ማጥፋት ጥቅም የለውም። ዊንዶውስ ስህተቶችን በቁጥር የሚመዘግብበትን «ኢቨንት ቪውር» ከፍተው በውስጡ «ሲስተም» የሚለውን ይክፈቱ። ከ«ዲስክ» የመጣ ቁጥር 7 የተበላሸ ሴክተር መኖሩን፣ 153 ዲስኩ ተጠይቆ ሳይመልስ ቀርቶ እንደገና መሞከሩን፣ ከኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት) የመጣ 55 የፋይል ሥርዓቱ መጎዳቱን ይናገራሉ። 55 ብቻውን ከሆነ «ቼክዲስክ» ይበቃዋል። 153 በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ከኬብል ሊመጣ ስለሚችል ኬብሉንና ፖርቱን ቀይረው ይዩ። 7 ከተደጋገመ ግን ያለዎትን ፋይል ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።