ለአሮጌ ብስክሌት የፍሬን ዕቃ እንዴት እንደሚፈለግ

ከእንጦጦ ጫፍ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት በብስክሌት የሚያውቅ የሱሉልታ ሰው የፍሬንን ጥቅም አይጠይቅም። የእኔ ብስክሌት ከአባቴ የወረስሁት የእንግሊዝ ራሌይ ነው። ፍሬኑ የሚሳበው በካቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው።

በመጀመሪያ የፍሬኑን ዓይነት ለዩ። የዘንጉ ፍሬን የፍሬን ጎማውን ወደ ላይ ስቦ ወደ መሀል የዞረውን የቸርኬ ፊት ይነካል፤ የካቦው ግን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጣል። ጎማዎቻቸው አይተካኩም፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚላችሁን ነጋዴ አትስሙ።

ቀጥሎ የተበላሸውን ዕቃ ፈትታችሁ በላምባ አጥባችሁ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶግራፍ መጠን አያሳይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቡሎኑ ጥርስ ነው። በብዙዎቹ የድሮ እንግሊዝ ብስክሌቶች ላይ ያለው ጥርስ በአንድ ኢንች 26 ነው፤ የሩብ ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር፣ ከአሮጌው ጋር በጣም የተቀራረበ ስለሆነ፣ በአሮጌው ዳዶ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። እኔም በእጄ ሲዞርልኝ ደስ ብሎኝ በመፍቻ አጠበቅሁት። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፍሬኑን ስይዝ ጥርሱ ተላጠ፣ ዘንጉ ሾለከ፤ የጫማዬን ሶል በአስፋልት እየጎተትሁ ቦይ ውስጥ ገብቼ ቆምሁ። ስለዚህ ዳዶውን ሦስት ዙር ብቻ አዙሩና ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ተዉት። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ አስለኩ።

ፍለጋውን ከሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ ጀምሩ። ከጥግ የተጣለ አንድ አሮጌ ብስክሌት ሞላውንም፣ ዳዶውንም፣ ዘንጉንም ይሰጣችኋል፤ እኔ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የቻይናው ፊኒክስ ብስክሌት በተመሳሳይ አሠራር የተሠራ በመሆኑ ጎማው ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ቀጥሎ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። እዚያም ከታጣ ቶርኖ ቤት አሮጌውን አሳይታችሁ አሠሩ።

ካቦ ለምትገዙ፦ የማርሽ ካቦ ቀጭን ነው፤ ለፍሬን አታድርጉት። የጫፉ እብጠትም ከፍሬኑ እጀታ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት።

የፍሬኑን ጎማ ስትገጥሙ የጎማው መያዣ ዝግ ጫፍ ቸርኬው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ከተገለበጠ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ቸርኬው ጎማውን ጎትቶ ያወጣዋል። ከዚያ ብስክሌቱን ሜዳ ላይ እየገፋችሁ ፍሬኑን ያዙ፤ ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ቡሎኖቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ።